ቅሬውን የበተነው ራዳር

ቃሬዛው ከመሬት ሊነሳ ሲል ድምፁ ይመጣል። ከሐይቁ በላይ፣ ከተራራው በኩል፣ ሳያቋርጥ ያጓራል። ለቀብር የወጣው ቅሬ፣ የመንደሩ እድርተኛ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባለበት ደርቆ ይቀራል። አንገቱን የሚያዞረው ግን ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ማህዲ ነው።

"እስኪ አንተ ራዳር፣ ምንድን ነው?" ይሉታል የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሐመድሁሴን።

ስሙ የወጣለት በቀልድ ነበር። ማህዲ ሳውዲ፣ ጂዛን ሳለ ከየመን የተወነጨፈ ሚሳኤል ሰማይ ላይ ሲመታ በዓይኑ አይቷል። አገሩ ከገባም ወዲህ ዓይኑን ከስልኩ ነቅሎ አያውቅም፤ ሩሲያ ምን ዓይነት ጀት ሠራች፣ አሜሪካ ለማን ሸጠች፣ የቱርክ ድሮን ስንት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ያኔ ይሄ ሁሉ የጫት ላይ ጨዋታ ነበር። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ከገባና ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ግን ሰዉ ሰማዩን የሚሰማው በማህዲ ጆሮ ሆኗል። እሱም መጠየቁን ወዶታል።

እጁን አንስቶ ዝም ያሰኛቸዋል። "ጀት አይደለም። ጀት ቢሆን ጮኾ ያልፍ ነበር። ይሄ አላልፍ አለ። ድሮን ነው።"

"ታዲያ ለቀስተኛ ምን ያደርግለታል?" ይላል አንዱ።

"ለቀስተኛ መሆናችንን በምን ያውቃል? ከላይ ሲያየን ብዙ ወንድ ረዥም ነገር በትከሻው ተሸክሟል። ሚሳኤል ነው ቢልስ?"

ይህችን የመጨረሻዋን የጨመራት አፉ ላይ ስላማረችው ነው። ሴቶቹ "ያረቢ!" እያሉ ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ሸህ ሙሐመድሁሴን ከአጥሩ ሥር ወደተቀመጠው የሟች ባል፣ ወደ ታረቀኝ፣ ጎንበስ ይላሉ።

"ታረቀኝ ወንድሜ፣ አፉ በለን። አራት ሰው ብቻ ይያዛት። ሌላው ይበተን።"

ታረቀኝ ራሱን ይነቀንቃል። "አብሽር ሸህ። በሟች ላይ ሟች አንጨምርም።"

በዚህ አገር ከቅሬ ለቀረ ሰው እሳት እንኳ አይጫርለትም። አሁን ግን ሁሉም በየቤቱ ይገባል፣ በሩንም ይዘጋል። የእትየ ለተብርሃንን ቃሬዛ ልጇ ዝናው፣ ሁለት የወንድሟ ልጆችና ታረቀኝ ራሱ ያነሱታል። ደንቡ ቢሆን ባል በሰው ተደግፎ ከኋላ ይከተል ነበር እንጂ ሚስቱን በትከሻው አይሸከምም።

ማህዲ ከአጥሩ ሥር ብቻውን ቀርቷል። እናቱ የሞተች ጊዜ እሱ ባሕር ማዶ ነበር። ጀናዛዋን ያነሳው ታረቀኝ ነው። እትየ ለተብርሃንም ለቀስተኛው እስኪያልቅ ድረስ ከሐይቁ ውሃ ስትቀዳ ከረመች። ይህን ውለታ የሚመልስበት ቀን ዛሬ ነበር።

ድምፁ ያስላል። ይንተፋተፋል፣ ሊጠፋ ይልና እንደገና ይነሳል።

ድሮን አያስልም። ማህዲ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ዳር ያያል። ከሀሚዱ የሽንኩርት ማሳ ጥግ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ውሃው በመስኖው ቦይ እያብለጨለጨ ይሄዳል። ነዳጅ ከጠፋ ጀምሮ ዝም ብሎ የከረመው የሀሚዱ የውሃ ሞተር ነው። የሐይቁን ድምፅ ተራራው ተቀብሎ ከላይ እንደሚመልሰው እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማህዲም ልጅ ሳለ ያውቅ ነበር። የጂዛን ሰማይ አስረሳው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ድሮኑ ሄደ ይባላል፣ ስሙም ራዳር እንደተባለ ይቀራል። ይህን ማሰቡ ራሱ ያሳፍረዋል። ወደ ቃሬዛው ይሮጣል።

ታረቀኝ ሲያየው ይቆጣል። "ተመለስ! አንተ እያወቅኸው ምን ልትሆን መጣህ? አላህ ይስጥህ፣ ዛሬ ስንቱን ነፍስ አተረፍክ!"

ምርቃቱ ከስድብ ይብሳል። ማህዲ በቃሬዛው ሥር ገብቶ የሽማግሌውን የታረቀኝን ቦታ ይቀበላል።

"ጋሼ፣ ድሮን አይደለም። የሀሚዱ የውሃ ሞተር ነው። ተሳስቼ ነው።"

ታረቀኝ ይቆማል። ሐይቁን ያያል፣ ከዚያ ወደኋላ ዞሮ ባዶውን መንገድ ያያል። ቢሰድበው ምን ነበረበት!

"በል ጥራቸው" ይለዋል። "አንተን ይሰሙሃል።"

"ቅሬ!" ይላል ማህዲ ባለ በሌለ ኃይሉ። "ኧረ ቅሬ! ውጡ፣ ምንም የለም!"

አንድ በር ገርበብ ይላል። ጎረቤታቸው ሀጀራ አንገቷን አውጥታ ሰማዩን ታያለች፣ መልሳም ትዘጋለች። ሞተሩ ጸጥ ይላል። ማህዲ ደግሞ ይጣራል። የሚከፈት በር የለም። ቅድም የነገራቸውን አምነውታል።

ዳገቱን ይያያዙታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥቂት እንደተራመዱ ከኋላ "አምጣ፣ አምጣ" የሚል ተሻምቶ ትከሻ ይቀይራል። ዛሬ የሚሰማው የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንጨቱ የማህዲን ትከሻ ይልጠዋል።

ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ ይመጣል። ሀሚዱ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ማሳው ላይ ስለዋለ መርዶውም አልደረሰው፣ የራዳሩንም ቃል አልሰማ።

"ቅሬ ሲባል ተራራው ሲመልሰው ሰማሁና ሞተሩን አጥፍቼ መጣሁ። ማን ነው?"

"ለተብርሃን ናት" ይላል ታረቀኝ።

ሀሚዱ አፉን በእጁ ይይዛል። ከዚያ ፊትና ኋላውን ያያል።

"ሰዉስ? ሰዉ የት ሄደ?"

ተሸካሚዎቹ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እሱም ጭቃ እግሩን እየጎተተ ወደ ማህዲ ተጠግቶ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል።

"አምጣ" ይለዋል።

ማህዲ ቃሬዛውን አይለቅም።