እንዳለ ይውጣ

«እማዬ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ!» አለኝ ልጄ፣ ገመድ ሊነቅል ጠረጴዛው ስር እየተሳበ።

እሱ ሙዚቃ አቀናባሪ ነው፣ እኔ ዘፋኝ ነኝ፤ ስቱዲዮአችን የኔ መኝታ ቤት የነበረው ክፍል ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሙዚቃ ፕሮግራሞቹን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ያጓጉዛል። ቤት መቀየር ራሱ ከዚህ ይቀላል። ፕለጊን የሚላቸው፣ ዋናው ፕሮግራም ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ካልተነቀሉ ሌላው ላይ አይተከሉም። ከአሮጌው ሁሉንም ነቅሏል፣ አዲሱ ላይ ግን ገና መትከል አልጀመረም። ዘፈኖቼ ቀድመዋቸው ተሻግረዋል።

ነገ የሚወጣው ዘፈኔ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ የሆነ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ደግሞ ቀይ አይቼ ተመልሼ አላውቅም፤ ዘፈን የሚያስጀምረውን ረጅሙን ቁልፍ ተጫንኩት።

መጀመሪያ ጊታሩ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ መዝፈን ጀመረች። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ትንሽም ዝቅ ይላል፤ ግን አይቆምም።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አልኩት።

ልጄ ከጠረጴዛው ስር ቀስ ብሎ ወጣ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«እኔ ነኝ?»

«ድምፅ አስተካካዩ ስላልተጫነ ነው እኮ፣ እማዬ። ትንሽ ታገሺኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትመልሰው?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለካ ጉሮሮዬ ከታመመ ወዲህ ዘፈኖቼን ሁሉ በዚያ ፕለጊን እያሳለፈ ሲያለሰልሳቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ድምፄ እንደ ልጅነቴ ነው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ስጎርር! ተናደድኩ። አፈርኩም፤ አልዋሽም።

«ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል» አለ።

«ሁሉም ሰው እናትህ ነው?»

«እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው። ፈርቼልሽ።»

«እኔ ያልፈራሁትን አንተን ምን አስፈራህ? ለመሆኑ ጠይቀኸኛል?»

ደግ ልጅ ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለስኩት። ስንጥቁ ጋ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። በቀረጽነው ቀን ጉሮሮዬን እንደ እሾህ እየወጋኝ፣ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ዘፍኜዋለሁ። ማሽኑ እንደ እድፍ ሊያጥበው የነበረው እሱን ነው።

«ነገ እንዲሁ እንዳለ ይውጣ» አልኩት። «ያን አስተካካይህን የፈለግክበት ትከለው፣ እኔ ላይ ግን አትተክለውም።»

«እማዬ፣ እንዲህማ አይሆንም! ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን እንሰማዋለና።»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፤ ሠርግም ቀብርም ቢያልፍ አያቆመውም። ጩኸቱ ቀረጻችን ውስጥ እንዳይገባ ልጄ መስኮቱን በስፖንጅ ደፍኖታል። ስፖንጁን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፤ ከነቀለሙ ተገሽልጦ መጣ። ብርሃን ገባ፣ አቧራ ገባ፣ ያ መኪናም ገባ። መስኮቱን በረገድኩትና ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ መንገዱ አዞርኳቸው።

ልጄ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ግን አልከለከለኝም።

ረጅሙን ቁልፍ ተጫንኩት። ከፍ ወደሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። አንገቴን አልደፋሁም።

ማዶ መኪናው ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ወደ መኪናው አልተመለሰም።