ሙልጭ አድርገህ

የመሥሪያ ቤቱ የክፍያ መተግበሪያ ወደ አዳዲስ ማሽኖች ሊዛወር ነው። የአንድ ነባር ባለሙያ ድርሻ ክላስተር ከሚሉት ከአሮጌው የሰርቨር መንጋ እያንዳንዱ የመተግበሪያው ክፍል በአዲሱ ማሽን ላይ እንደገና የሚተከልበትን የቅንብር ፋይል እያወጣ ከትርፍ ጽሑፍ ማጽዳት ነበር። ሲስተሙ እንደሆነ ለፍላፊ ነው፤ አንድ ፋይል ስጠኝ ሲሉት የተወለደበትን ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንኳ ሳይቀር ጨምሮ ይዘረግፈዋል። ያን ቅራቅንቦ ሲለቅም፣ የፈለሰፉትን ሰዎች እስከ ሰባት ትውልዳቸው ሲረግም አረፈደ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ብቻ ቀረው፤ ገንዘብ የሚያስተላልፈው ዋናው። ሆዱ ግን ጮኸ። በዚያው ሳምንት የተቀጠረው ሶፎንያስ ጠረጴዛ ጋ ሄደ።

«ሌላውን ጨርሻለሁ። የማስተላለፊያዋን ብቻ አንተ አጽዳልኝ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙልጭ አድርገህ! ብናኝ እንዳትቀር።»

ምግብ ቤት ገብቶ ክትፎውን ጥርግ አድርጎ በላና በራሳቸው መተግበሪያ ሊከፍል ስልኩን አወጣ። እምቢ አለው። ደገመው፤ አሁንም እምቢ።

«አትድከም፣ ለማንም እየሠራ አይደለም» አለችው አስተናጋጇ። «ምን ዓይነት ደደቦች እንደሚሠሩት እንጃ!»

ከመቀመጫው ተነሥቶ ሶፎንያስ ጋ ደወለ።

«አለቃ፣ ጸድታለች!» አለ ሶፎንያስ በኩራት። «ሲስተሙ ‹ትጥፋ? እርግጠኛ ነህ?› እያለ ሲያስቸግረኝ ነበር። አለቃዬ ብሏል ብዬ አዎን አልኩት።»

«ፋይሏንስ? መጀመሪያ አውጥተሃል አይደል?»

«የቱን ፋይል?»