ዕጣ ያልመረጠው ፎቶ

ሥራዋ ጉበት መለካት ነበር። ሙሉ ጉበት አይደለም፤ በመርፌ የተወሰደች፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ። ቁራጯ በስሱ ተቆርጣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ስትገባ፣ የአንድ ሴል ሆድ ዕቃ እንደ ከተማ ካርታ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል። እሷ የምትለካው ማይቶኮንድሪያ የሚባሉትን፣ ለሴሉ ጉልበት የሚሰጡትን ምድጃዎች ነው። ጤነኞቹ ሞላላ ሆነው ውስጣቸው እንደታጠፈ ጨርቅ ድርብርብ ነው። የታመሙት አብጠው፣ እጥፋታቸው ረግፎ፣ ባዶ ከረጢት ይመስላሉ።

ናሙና የሚመጣው በቁጥር ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ለኪው አያውቅም። ፎቶ የሚነሣው ቦታም የሚወሰነው በዕጣ ነው፤ ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው።

«ዐይን አድሎኛ ነው» ይል ነበር የልኬት ክፍሉ ኃላፊ። «ያማረው ላይ ይቆማል። ዕጣ ግን ዘመድ የለውም።»

እሷ ይህን ደንብ አንድ ቀን እንኳ ስታ አታውቅም። ስለዚህ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል።

ባሏ አናጺ ነበር። ጉበቱ ከከዳው ወዲህ መጋዝ አልነካም፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ መስኮት ሥር ይውላል። ከሌላ ሰው ጉበት ተከፍሎ ካልተሰጠው በቀር መዳኛ የለውም። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሚገጥም ደም የተገኘው ከእሷ ነው።

«ስንቴ ሆድና ጀርባ እንዳልሆንን፣ አሁን በአንድ ጉበት ልንኖር!» አላት።

«ዝም በል! የኔ ጉበት እንዳንተ ልግመኛ አይደለም።»

ሆስፒታል ሄደው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ተጋርዶላቸው፣ ሁለቱም ጎናቸውን ተወጉ። እሱ ሆዱ ውሃ በቋጠረ ቁጥር መወጋት ስለለመደ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትቷል። ሲወጡ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሽማግሌ ሐኪም በሩ ላይ አገኛቸው።

«ናሙና ወደ ልኬት ልከናል» አለ። «ውጤቱ ካላማረ ቀዶ ጥገናው ይቀራል። የሰው ሆድ በከንቱ አንቀድድም።»

ደግፋ እስከ መንገዱ ወሰደችው።

በማግስቱ ናሙናው ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። ቁጥርና የተወሰደበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ እነሱ የተወጉበት ነው። ወደ ኃላፊው ሄዳ «ይሄ የባሌ ነው፤ ሌላ ሰው ይለካው» ማለት ነበረባት። ሌላ ሰው ደግሞ አይራራም። ናሙናውን ወደ ራሷ ሳበች።

ዕጣው ያወጣውን የመጀመሪያ ፎቶ ከፈተች። ባዶ ከረጢቶች። በፎቶው ላይ የመስመር መረብ ጣለች፤ መስመሮቹ የተገናኙበት ነጥብ ስንቱ በጤነኛ ምድጃ ላይ እንዳረፈ መቁጠር ነበረባት። የሚቆጠር አጣች። ሁለተኛው ፎቶ ያው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የባሰ፤ የስብ ጠብታ ተጠራቅሞ የሴሉን ፍሬ፣ ኒውክሊየሱን፣ ወደ ጥግ ገፍቶታል።

«ሚዛን፣ ምነው ፊትሽ ገረጣ?» አለቻት አጠገቧ የምትሠራው። «ክንድሽንስ ምን እንዲህ ያሳክክሻል? ቆዳሽን ልትጨርሺው እኮ ነው።»

«ጓንቱ ነው። ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከታማሚው ቀድመሽ እንዳትወድቂ!»

ቤት ስትገባ ባሏ እንደተወችው መስኮቱ ሥር ነበር። እግሩን እያሸችለት ቆየችና ጠየቀችው።

«ነቀዝ የበላው ጣውላ ሲያጋጥምህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።»

«ቀለም ብትቀባውስ?»

«ሞኝ ነሽ! አልጋው የሚሰበረው እኮ ሰውዬው ተኝቶበት ሳለ ነው።» ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። «ምነው፣ አልጋ ልትሸጪ ነው?»

«ምን ላድርግ፤ አንተ እንደሆነ ሥራ ፈትተሃል።»

ፊቷን አዞረች። ጉበቱ እንዲህ ካለቀ ከቀዶ ጥገናው እንደማይተርፍ ታውቃለች። ግን እዚህ መስኮት ሥር በቁሙ ሲያልቅ ከማየት፣ የመጣው ይምጣ አለች። ቢያንስ ሳይሞከርለት አይሂድ።

ጠዋት ዕጣውን ዘጋችና ማይክሮስኮፑን በእጇ ታንቀሳቅስ ጀመር። የሚፈለገው በመጨረሻ በቁራጯ ጠርዝ ላይ ተገኘ፤ ነበልባሉ ከጠፋ ምድጃ ጥግ ላይ የቀረ ፍም ይመስል ነበር። ሞላላ፣ ድርብርብ፣ ጤነኛ። እዚያው ዙሪያ ብቻ እየተመላለሰች ደጋግማ አነሣች። መረቡን ጣለች፤ ቆጠረች፤ ውጤቱ አማረ።

ኃላፊው ፎቶዎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈረመ።

«ከሚዛን እጅ የወጣ አይጠረጠርም።»

የቀዶ ጥገናው ቀን ሁለቱን በተሽከርካሪ አልጋ ጎን ለጎን ገፏቸው። ባሏ እጁን ዘርግቶ ጣቷን ያዘ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲፈካ አይታው አታውቅም።

«ኋላ ስንጣላ ጉበቴን መልስ እንዳትይኝ» አላት።

«አንተ ብቻ ተነሥ፤ እንጣላለን።»

በየበሩ ተለያዩ።

ከመብራቱ ሥር አስተኟት፤ ማደንዘዣው በክንዷ ገባ። ሽማግሌው ሐኪም ጎንበስ ሲልላት፣ ምላሷ ሳይተሳሰር ልታመሰግነው ቸኮለች።

«ዶክተር… የባሌ ጉበት… ውጤቱ በማማሩ… እግዜር ይስጥልኝ…»

ሐኪሙ ከጭምብሉ ሥር ሳቀ።

«የእሱንማ ለምን እናስለካለን፣ ዛሬ አውጥተን የምንጥለውን! የተለካው ያንቺው ነው።»