ለተማሪ የተፈቀደ ወንበር

የአዳራሹን በር እጀታ ከውስጥ ስትይዝ ዘበኛው እጁን በእጇ ላይ ጫነ።

«አይቻልም ልጄ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ! የችግኝ ቤቷ።»

«አውቄሻለሁ። ባላውቅሽ ይሻለኝ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምርጫ ክርክሩ ሳያልቅ ማንም አይወጣም ተብሏል። ሌላ ቀን በሩ የኔ ነው፤ ዛሬ የእነሱ ነው።» በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆማት። ከመስታወቱ ወዲያ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«ስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ብለዋል። ወሬ የጠገበ ፖለቲከኛ ግን አይቼ አላውቅም።»

ሰዓቷን አየች። ስድስት ከሩብ። ፀሐይ አናት ላይ ናት።

የላስቲኳ ችግኝ ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ናት፣ ለሮጠ ሰው ሦስት ደቂቃ አትፈጅም። እዚያ ውስጥ አራት መቶ የባቄላ ችግኝ አለ። የዋግ በሽታ የማይበግረው ዘር አገኛለሁ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዳቅል፣ ስትመርጥ፣ ደግማ ስታዳቅል የደረሰችባቸው ናቸው። ጠዋት የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደወለላት። «እህቴ፣ ለአዳራሹ መብራትና ለካሜራዎቹ ኃይል አልበቃ ብሎ የናንተን መስመር ቆርጠነዋል። ማራገቢያውም ፓምፑም ቆሟል» አላት። «በናትህ ላስቲኩን ግለጥልኝ» ብትለው፣ «እኔም ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል ተብያለሁ» አለና ዘጋው። ላስቲክ ቤት ያለ ማራገቢያ በዚህ ፀሐይ እቶን ነው። ግድግዳውን ጠቅልላ ነፋስ ብታስገባበት፣ በባልዲ ውሃ ብታርከፈክፍለት፣ አሥር ደቂቃ ይበቃታል። ነፃ የትምህርት ዕድሏ በዚህ ሴሚስተር ያበቃል፤ እንደገና ልዝራ እንዳትል ደግሞ ዘሩ የሚገኘው ከዚያው፣ ገና ካላፈራው ግንድ ነው።

ግቢው ለክርክሩ ሲባል ለተማሪ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በምዝገባ ጊዜ «የዝግጅት» እየተባለ ያልከፈለ ተማሪ የለም፤ ከአዳራሹ ስምንት መቶ ወንበር ግን ለተማሪ የደረሰው ሠላሳ ብቻ፣ እሱም በዕጣ። አንዱ የወጣው ለክፍሏ ልጅ ነበር። «ከፍለን ስናበቃ ለምን ደጅ ቀረን?» የሚል ጥያቄ ጽፎ ቢያስገባ፣ ወረቀቱን አስቀርተው የራሳቸውን ጥያቄ በመግቢያ ካርዱ ጀርባ አትመው ሰጡት። ዛሬ ዋናው በር ላይ ስታለቅስ ሲያያት ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ። አሥራ ሰባት።

«ግቢ» አላት። «አፌን ከለጎሙት ወንበሩ ምን ያደርግልኛል? ያንቺ ባቄላ እንኳን ይትረፍ።»

ካርዱ አስገባት። ግን ሠላሳዎቹን እንደ በግ በሰልፍ ነድተው፣ ግራ ቀኝ ሳያሳዩ አዳራሹ ውስጥ ዶሏቸውና በሩን ዘጉት።

«ጋሼ በሞቴ፣ ሽንት ቤት ሄደች ይበሏቸው።»

«ሽንት ቤቱ እዚሁ ውስጥ ነው ልጄ። ሁሉን አስበውበታል።»

ይሄኔ የአወያይዋ ድምፅ ከመድረኩ አስተጋባ። «አሁን ከውድ ተማሪዎቻችን ጥያቄ እንቀበላለን። ቁጥር አሥራ ሰባት!»

የገዛ ቁጥሯ መሆኑን የተረዳችው ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው እያለከለከ አጠገቧ ሲደርስ ነው። መብራቱ ፊቷ ላይ ቦግ አለ። ካርዱን ገለበጠችው። «ለወጣቱ ትውልድ ያላችሁ ራእይ ምንድን ነው?» ይላል። አንብቢው አንብቢው አላት ሰውዬው በዓይኑ።

«በሩን ክፈቱልኝ» አለች።

ድምፅዋ ገዝፎ ተመልሶ መጣባት።

«እባካችሁ በሩን ክፈቱልኝ። ችግኞቼ እየሞቱብኝ ነው። ሁለት ዓመት የደከምኩባቸው...» እንባዋ ቀደማት። ሰውዬው ይሄን ጊዜ ድምፅ ማጉያውን ቀስ አድርጎ ከአፏ አራቀው።

በቀኝ በኩል ያለው ተወዳዳሪ ብድግ ብሎ ደረቱን በእጁ ያዘ። «ይህቺ እህታችን ችግኝ አለች። ወገኖቼ፣ ችግኞቹ እናንተ ናችሁ! እኔ ከተመረጥኩ በሩን እከፍትላችኋለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እሱ በር ይከፍታል» አለ የግራው፣ ጭብጨባው ሳይበርድ። «እኛ ግድግዳውንም ጭምር ነው የምናፈርሰው!»

ለዚህኛው ደግሞ ሳቅም ተጨመረለት።

«አይደለም!» ብላ ጮኸች። «የእውነት ችግኝ ነው! ባቄላ ነው!»

የሰማት ዘበኛው ብቻ ነበር። አንዴ እሷን፣ አንዴ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትን ሁለት ጀርባዎች አየ። ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ፣ የመጣው ይምጣ እንዳለ ሰው፣ እጀታውን ጨብጦ ሳበው። በሩ አልነቃነቅ አለ። በትከሻው ገፋው። ከውጭ ቆልፈውታል። ይህን ለእሱም የነገረው ሰው አልነበረም።

«ልጄ...» አለና እጀታውን ለቀቀው።

ወደ መድረኩ ዞረች። ከተወዳዳሪዎቹ በላይ፣ ግድግዳውን በሚያክለው ስክሪን ላይ የአንዲት ልጅ ፊት ተሰቅሏል። ከዓይኗ የወረደው እንባ ጉንጯ ላይ ሰው ያህል ሆኖ ያበራል። ካሜራው ጠጋ አለ፣ ሰዎች እየተነሱ ቆሙ፣ ጭብጨባውም እንደገና ደመቀ።