የሰገነት ኮምፒውተር ጠፍቶ ይሠራል

ላሊበላ ውስጥ ቀናተኛ ሞልቷል፤ የደግሰው ግን ልክ የለውም። ነፋስ የሚስቱን ነጠላ ገለጥ ቢያደርግ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ነፋሱን አስቁሞ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሚስቱ ሰገነት ገበያው ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እሱ ደግሞ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ መስቀል፣ ጧፍና ማተብ ይሸጣል። ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ፍቅርአዲስ የምትባል ደንበኛው ብቻ እንኳ አንድ ማተብ ለመምረጥ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ከወር ወዲህ የሰገነት ነገር አላማረውም። እሱ ከበሩ ብቅ ሲል እሷ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቁልፍ ትሰዳለች፣ ስክሪኑም ድርግም ይላል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሳጥን ግን ጋሸና ድረስ በሚሰማ ድምፅ ማጉረምረሙን አይተውም።

«አጥፍተሽው ምን ያጉረመርማል?» አላት አንድ ቀን።

«የጠፋው ስክሪኑ ነው። ሳጥኑ ሥራውን ይሠራል።»

«ምን ሥራ?»

«የራሱን።»

ያን ቀን ምሳ አልወረደለትም። በጨለማ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ኮምፒውተሩን የሚጠግንላት ወንዴ የሚባል ሎጋ ጎረምሳ ነው። ይኸው ወንዴ ባለፈው ወር የደግሰውን ሱቅ አምፖል ሊቀይር ሲወጣ፣ መሰላሉን ደግፋ የያዘችለት ሰገነት ነበረች። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንደዚያ ሳስተው የያዙት መሰላል የለም። ማታ ማታ ደግሞ «ዛሬ ሥራ በዝቶብህ ዋለ አይደል?» እያለች ወጥ ትጨምርለታለች። ጥፋት ያለበት ሰው ደግነቱ እንደሚበዛ ደግሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቅናቱ ገነፈለ። ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ሮጠ፤ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ሰይፈ ሥላሴንና ሁለት ሽማግሌዎችን ከየቤታቸው ለቃቅሞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነዳቸው። መንገድ ላይ ቃል አስገባቸው፤ ያጠፋው ወገን ዛሬውኑ የለበሰውን ብቻ ይዞ ከቤት እንዲወጣ። መምሬ አይከብድም ወይ ቢሉት፣ እንዲያውም ጫማውም ይቅርበት አለ።

ሰገነት ሽማግሌዎቹን ስታይ ተነሥታ እጅ ነሣች። ስክሪኑ ድርግም አለ። ሳጥኑ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

«ክፈቺው» አላት ደግሰው።

«ደግሰው፣ በአባቶች ፊት ባይሆን ይሻላል።»

ደግሰው ወደ መምሬ ዞረ። «ይኸው ሰሙ አባቴ፤ ከራሷ አፍ ነው» አለ፤ ጎንበስ ብሎም የስክሪኑን ቁልፍ በገዛ ጣቱ ተጫነ።

ስክሪኑ በራ። የታየው የደግሰው ሱቅ ነው፣ ከአምፖሉ በኩል ከላይ ወደ ታች። ፍቅርአዲስ በደግሰው ወንበር ላይ የደግሰውን ጋቢ ተከናንባ፣ ጸጉሯን እያበጠረች በሩን በሩን ታያለች።

መምሬ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ፈለጉ። ሰገነት ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ አባቴ፤ ይሄ የዛሬው ነው። የማክሰኞውን ገና አላዩትም።»