የቤት ስም ያላቸው ፊልሞች

"እትዬ... ይሄን ማነው የጻፈው?"

የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ፊት ቆሟል። ፊቱ ተኮሳትሯል...

በጠመኔ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

"ደረጃ የከበደው ልጅ። አሥራ አራት ደረጃ ብቻ። መግቢያ በነጻ።"

"እንዲህ የሚባል ፊልም አለን?"

"የለንም" አለች ትኬት ቆራጯ። ሃያ ዓመት እዚያች መስኮት ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፣ በቀላሉ አትደነግጥም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ሰሌዳው ላይ ከፊልሙ ትክክለኛ ስም ሥር የቀልድ ስም መጨመር ጀመረ።

ዓለም ሁሉ ያየው የተኩስ ፊልም ሲመጣ... "አንድ ሰው፣ መቶ ሬሳ፣ ያልቆሸሸ ሸሚዝ" ተባለ።

የፍቅሩ ደግሞ... "አንድ ስልክ ቢደወል ያለቀ ነገር"።

የሚያስፈራው... "መጀመሪያ መብራቱን አብሪው፣ እህቴ"።

አላፊ አግዳሚው ፎቶ ያነሳል፣ ይስቃል፣ አንዳንዱም ስቆ ሲያበቃ ትኬት ቆርጦ ይገባል።

ሥራ አስኪያጁ ግን ጥርሱን አላሳየም።

"አባቴ በላቡ ያቆመውን ቤት መሳቂያ አደረጋችሁት። የጻፈውን ሰው ካልነገሩኝ ዛሬ የመጨረሻ ቀንዎ ነው።"

እሷ ደግሞ ሁለት ልጆች የምታስተምረው በዚችው ሥራ ነው...

ጠመኔውን ከኪሷ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

"እጁ የኔ ነው። ቃሉ ግን የአባትህ ነው።"

"የማን?"

"የጋሼ።"

"አባቴ እኮ ከታመመ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም።"

"ላንተ ነዋ..."

እዚህ ላይ ልብ በሉ ወዳጆቼ።

አባትየው የሚኖሩት እዚያው ሲኒማ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተሳሰረ። ያን ሰሞን ሐኪሙ "ለአንድ ሳምንት ብዙ አታናግሯቸው፣ ይደክማሉ" አለ።

ልጅየው ያችን አንድ ሳምንት ሰባት ወር አደረጋት።

ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ... መድኃኒት አያጓድልም፣ አስታማሚም ቀጥሯል። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ቆሞ "እንዴት አደረ?" ይላል። አስታማሚዋ ከላይ "ደህና" ትለዋለች። በቃ... ወደ ቢሮው ይገባል።

ትኬት ቆራጯ ቀጠለች።

"ጋሼ ድሮም ለየፊልሙ የቤት ስም ያወጡ አልነበር? አንተም ትንሽ ልጅ ሆነህ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁንም ጠዋት እየወጣሁ የፊልሙን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። አንዷን ስም ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይታገላሉ። 'ሰሌዳው ላይ ጻፊው፣ ልጄ አይቶ ያውቀኛል' አሉኝ። 'እንዳትነግሪው፣ ራሱ ይምጣ' ብለው አስማሉኝ። ዛሬ ግን አንተ እንጀራዬን ልትዘጋ ስትል መሐላዬን በላሁ።"

ሰሌዳውን ደግሞ አየው።

"እና የዛሬው ፊልም..."

"አንተ ነህ፣ ልጄ።"

ደረጃውን ወጣ። በእርግጥም አሥራ አራት ነበር...

አባትየው አልጋቸው ላይ ተደግፈው ነበር። በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ። አንድ አንድ ቃል እያወጡ...

"ዘገየህ... ፊልሙ... ተጀምሯል።"

ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ አለቀሰ።

በማግሥቱ ትኬት ቆራጯ መስኮቷ ላይ ነበረች። ሰሌዳው ላይ ግን በሥራ አስኪያጁ ጠማማ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፎ አገኘችው፦

"ልጁ ወጣ፣ ክፍል ሁለት። ስም አውጪ፦ አባዬ።"

ወዳጆቼ... መድኃኒት መላክ ደግ ነው፣ ሰው መቅጠርም ደግ ነው። ወላጅ ግን በሰው አፍ አይጠየቅም። በገዛ እግር ነው የሚወጣው።

እስቲ ልጠይቃችሁ... የእናንተ ሕይወት ፊልም ቢሆን አባታችሁ ወይም እናታችሁ ምን ብለው የቤት ስም ያወጡለት ነበር?

የኔን ላስቀድም፦ "ስልኬ ዘግቶብኝ ነው፣ ሦስተኛ ወር"።

የናንተን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ እስከዚያው እናቴ ጋ ልደውል 👇