የመሪጌታው ሥር

አባቴ መሪጌታ ወልደተንሣኤ የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው በአንድ የአንኮበር ተክል ሥር ያክም ነበር። የመድኃኒት ተመራማሪዋ ዶክተር ሥርጉት መጥታ ከእሱ ተማረች። ከዚያ በቴሌቪዥን ቀርባ «እኔ ያገኘሁት መድኃኒት» አለች፤ የእሱን ስም አንዴም አላነሳችም። አባቴ ያንን ከሰማ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ዘንድሮ ሥሩ አልቆባት ተመልሳ መጣች።

«አባትሽ ሲምስ ታዪው አልነበር? ቦታውን አሳዪኝ እንጂ፣ እህቴ» አለችኝ።

ቂሜን በሆዴ ይዤ መራኋት።

ሥር መማስ ወግ አለው። ሥሩን ይዞ ቤት እስኪገባ ድረስ የማሰው ሰው ስሙ ቢጠራም አይመልስም። ከመለሰ ስሙን ለሥሩ ሰጠ ማለት ነው። አባቴ ይህን ሲነግራት «አጉል እምነት!» ብላ ስቃበታለች።

ጎንበስ ብላ ስትምስ ከኋላዋ ቆሜ ጠራኋት።

«ሥርጉት!»

«ወዬ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሥሩን በጆንያ ተሸክሜ ደብረ ብርሃን፣ ቤተ ሙከራዋ ድረስ ሸኘኋት። ነጩን ካፖርቷን እየለበሰች ሳለ ተማሪዋ ሥሩ ከሚሞከርባቸው አይጦች ዘንድ ተጣራ።

«ዶክተር ሥርጉት!»

«አቤት» አለ ጆንያው። የአባቴ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮውን ጠረግ ማድረጉ እንኳ አልቀረም።

ተማሪው ወደ ጆንያው ዞሮ እጅ ነሳ። «አይጦቹ መንፈራገጥ አቁመዋል፣ ዶክተር።»

«ሥርጉት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ጆንያው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦

«ዶክተር፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?»